60 ሰው ሠልጥኖ ለምን 4 ሰው ብቻ ይጠቀማል?

ጥያቄው፦ «ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ነኝ። አምና ለ60 አርሶ አደሮች በሞባይል ገንዘብና በቁጠባ ላይ የ3 ቀን ስልጠና ሰጥተን ነበር። ሁሉም ቴሌብር ተመዝግበው ሄዱ። ዘንድሮ ዞሬ ስጠይቅ የሚጠቀሙበት 4 ሰዎች ብቻ ናቸው። አሁን ደግሞ የ80 ሰው በጀት መጥቷል። ስማርት ስልክ ያላቸው 9 ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ማንበብ አይችልም። ወጣቶቹን ብቻ አሠልጥነን እነሱ ለወላጆቻቸው ቢያሳዩ ይሻላል? ወይስ ማንበብ እስኪለምዱ እንጠብቅ? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

አምና የሠራችሁት ምዝገባ ነው። ስልጠና አልነበረም። ይህን ሳናስተካክል ወደ ሌላው ብንሄድ ዘንድሮም 80 ሰው ተመዝግቦ የሚጠቀመው 5 ሰው ብቻ ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ 60 ሰው አስቀምጦ፣ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የስማርት ስልክ ምስል እያሳዩ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ግን ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ሲሆን ሰውየው የሚያየው የሌላ ሰው ዕቃ ነው። በ3ኛው ቀን ውሎ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል። አይፈረድበትም።

እኔም ከዓመታት በፊት ይሄንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። በአንድ ቀን 50 ሰው መዝግበን ነበር። ሰዓት ስለገፋ ሚስጥር ቁጥሩን እኛው ራሳችን እየሞላን ሰጠናቸው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ለማስታወስ የሚቀል። በደግ ልብ ነበር የሠራነው። ከወራት በኋላ አንድ አባት ስልካቸው የወንድማቸው ልጅ እጅ ላይ ሳለ የበግ ሽያጭ ብራቸው ወጣ። ልጁ ሚስጥር ቁጥሩን መገመት እንኳን አላስፈለገውም፣ መንደሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። እኚያ አባት ስልክ ላይ ብር ድጋሚ አላስቀመጡም፤ ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። በአንድ ሰው ላይ የደረሰ ነገር አንድ ጎጥ ሙሉ ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ማንበብ እንምጣ። ማንበብ አለመቻል እንቅፋት ነው፣ ግን አንቺ ያሰብሽውን ያህል አይደለም። እነዚህ ሰዎች የአየር ሰዓት ካርድ ይሞላሉ አይደል? ካርዱን ፍቀው፣ ኮከብ 805 ኮከብ ብለው፣ ያንን ሁሉ ቁጥር አስከትለው፣ መሰላል ብለው ይደውላሉ። ይህን የሚሠራ ሰው የቴሌብርን 6 አሃዝ ሚስጥር ቁጥር መጫን አያቅተውም። የጅሩ ገበሬ ሰንጋ ሲያደልብ የጭዱን፣ የፋጉሎውን፣ የወራቱን ሒሳብ በጭንቅላቱ ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ሒሳብ ሳይሆን ፊደል ነው የሚቸግረው፤ እነዚህ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ፊደል እስኪማሩ አትጠብቂ። ስማርት ስልክም አትጠብቂ። ቴሌብር በ*127# ከማንኛውም ተራ ስልክ ይሠራል፣ የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብር በ*847# እንደዚያው፣ ኢንተርኔትም አይጠይቁም። ቋንቋውን መጀመሪያ ወደ አማርኛ ማዞር እንዳይረሳ፤ የሚመጣው ሜሴጅ በእንግሊዝኛ ሲሆን ማንበብ የሚችለውም ግራ ይገባዋል።

መንዝ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ነው የሚይዙት። ቁጥር አላውቅም አሉ። አውራ ጣታቸውን ይዤ 5 ቁጥር ላይ አስቀመጥኩት። ተራ ስልክ ላይ 5 ቁጥር ቁልፍ ላይ ትንሽ ጉብ ያለች ነገር አለች፣ ዓይን ባያያትም ጣት ያገኛታል። «ይቺ አምስት ናት። ከላይዋ ሁለት፣ ከታችዋ ስምንት፣ በግራዋ አራት፣ በቀኝዋ ስድስት።» ደጋግመው ዳበሷት። ከዚያ ስልኩን ነጠላቸው ውስጥ ከተው፣ ሳያዩ፣ እኔ የጠራሁትን ቁጥር መጫን ጀመሩ። ስክሪኑን ሳየው ልክ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ነጠላው ነው። ሚስጥር ቁጥር ሸፍኖ መጫን እንዳለበት ማንም ሳይነግራቸው ከመጀመሪያው ቀን ሸፍነው ጀመሩ። እስከ ዛሬ ስልጠና የምጀምረው ከዚያች ጉብታ ነው።

ማንበብ የማይችል ሰው የሚቸገረው ዝርዝሩ ላይ ነው። በ*127# የሚመጣው ዝርዝር ዘግይተሽ ከመለስሽለት ይዘጋል። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው መሀል ላይ ይቆረጥበትና «ብሬ የት ሄደ» ብሎ ይደነግጣል። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛ፣ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን አንድ መንገድ ብቻ በቃል ማስያዝ፤ ቀሪ ሒሳብ ለማየት መጀመሪያ ይሄን ቁጥር፣ ቀጥሎ ይሄን፣ ከዚያ ሚስጥር ቁጥር፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል እስኪወጣ ድረስ። ዝርዝሩ አንዳንዴ ስለሚቀየር ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት ራስሽ ሞክረሽ ግቢ። ሁለተኛ፣ ሲቆረጥ ምን እንደሚደረግ ማስለመድ፤ ከተቆረጠ ድጋሚ አይላክም፣ መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ ይታያል። ይህቺን ያላወቀ ሰው ነው አንዱን ክፍያ ሁለቴ የሚልከው።

ገንዘብ ከመንካታቸው በፊት ደግሞ በ8028 አለማምጂያቸው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት (ያኔ ኤጀንሲ ነበር) በ2006 ዓ.ም. የጀመረው ነጻ የስልክ መስመር ነው፤ ስለ እህል አዘራርና አያያዝ በአማርኛ በድምፅ ይናገራል። «ለዚህ 1ን ይጫኑ፣ ለዚያ 2ን ይጫኑ» እያለ ነው የሚሄደው። ሰውየው ቢሳሳት የሚጠፋ ብር የለም። አንድ ሰዓት በ8028 ሲጫወት የዋለ ሰው ወደ *127# ሲመጣ ጣቱ አይንቀጠቀጥም። በቀበሌሽ መስመሩ በደንብ እንደሚገባ አስቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ።

ወጣቶቹን ብቻ አሠልጥኖ መተው? አይሆንም። በጣም የምቃወመው ይሄንን ነው። ልጁ ይማራል፣ አባትየው ስልኩን ለልጁ ይሰጣል፣ ሚስጥር ቁጥሩ የልጁ ይሆናል፣ ልጁ ደብረ ብርሃን ሥራ ሲሄድ ሒሳቡ አብሮት ይሄዳል። ክፉ ልጅ መሆን አያስፈልገውም፤ አሠራሩ ራሱ ሽማግሌውን ከገዛ ብሩ ያርቀዋል። ወጣቶቹ ይምጡ፣ ግን እንደ ረዳት። አንድ ደንብ ብቻ ስጫቸው፦ የሚያሳይ ሰው ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአፉ ብቻ ያሳይ። ስልኩን መንካት ክልክል ነው። አንቺም ጭምር። መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፣ ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ግን ሰውየው ቤቱ ሲገባ ብቻውን የሚሠራው በገዛ ጣቱ የሠራውን ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ምክንያት። ሰዎቹ የማይጠቀሙት ስለረሱ ብቻ አይደለም፤ ሒሳባቸው ውስጥ ብር ስለማይገባ ነው። ስንዴውን ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ ይገዛዋል። ማዳበሪያውንም በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ይወስዳል፣ ወፍጮውም፣ ሱቁም፣ እድሩም እንደዚያው። በኪሱ ያለውን ብር ወኪል ጋ ሄዶ አስገብቶ፣ በሳምንቱ ያንኑ ለማውጣት ድጋሚ ይሂድ? ለምን ብሎ? ወኪሉ ደግሞ በገበያ ቀን ጥሬ ብር ከሌለው አለቀ፤ አንዴ «ዛሬ ብር የለም» የተባለ ገበሬ ሁለተኛ አይመጣም፣ ልክም ነው።

ስለዚህ ሠልጣኝ ከመጥራትሽ በፊት ሦስት ደጃፍ ማንኳኳት አለብሽ። የመጀመሪያው የሁለገብ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው፤ ዘንድሮ ከአባላት እህል ሲገዛ ከክፍያው ግማሹን ወይም ሲሶውን እንኳን በስልክ ይከፍላል ወይ? ሁለተኛው ወኪሉ ነው፤ በገበያ ቀን ምን ያህል ጥሬ ብር ይዞ መዋል ይችላል? ሦስተኛው ሰዎቹ ብር የሚከፍሉበት ቦታ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ፣ የማዳበሪያ መጋዘኑ፣ ሱቁ፤ አንዱ እንኳን በስልክ ይቀበላል? ሦስቱም «አይ» ካሉሽ ስልጠናውን አታካሂጂ። በጀቱ ቢመለስ ይሻላል። ሦስቱም እስኪሟሉ ግን አትጠብቂ፤ ብር የሚገባበት አንድ በርና ብር ያለው አንድ ወኪል ካገኘሽ ይበቃል።

ይህ ከተገኘ የምመክርሽ ይሄ ነው። የ3 ቀኑን አዳራሽ ተዪው። 80ውን ሰው ወደ 40 አውርጂው፤ 40ው ደግሞ 20 አባወራና 20 እማወራ ይሁኑ፣ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስልክ። ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት ካለች ቅድሚያ ስጫት። በሦስት ቡድን ክፈያቸው፣ ከ13 እና ከ14 ሰው። እያንዳንዱ ቡድን 6 ጊዜ ይገናኝ፣ በአንዴ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥ። ቀኑን በዓል ቀን አድርጊው፤ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም እርሻ አይነካም፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ ያለ አበል ይቀመጥልሻል። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቆላ ለምትሠሩ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ነው። ለ80 ሰው አበል የተያዘውን ብር ስድስቱን ዙር ለመሸፈን እንዲዛወር ጠይቂ። ኃላፊዎችሽ «80 ሠለጠኑ» የሚል ሪፖርት ሊፈልጉ ይችላሉ፣ አውቃለሁ። የአምናውን 60ና 4 ጎን ለጎን ጽፈሽ አሳዪያቸው።

ስድስቱ ዙር ከእርሻው ወቅት ጋር ይሂድ። ኅዳር ላይ፣ እህል ሳይሸጥ፣ ስልኩንና ሚስጥር ቁጥሩን። ታኅሣሥ ላይ፣ ማኅበሩ ሲከፍል፣ እዚያው መጋዘኑ በር ላይ ብር መቀበልና ቀሪ ሒሳብ ማየት። ጥር ላይ ለማዳበሪያ ብር ነጥሎ ማስቀመጥ፣ ምክንያቱም ጥር የሠርግ ወር ነው፣ የእህሉ ብር እዚያ ነው የሚያልቀው። መጋቢት ላይ ብድርና ወለድ። ግንቦት ላይ ግብዓት መክፈል። ሐምሌ ላይ፣ ብር ሲጠብና አራጣ አበዳሪው ሲፈለግ፣ ዓመቱን መለስ ብሎ ማየት። የበልግ እርሻ ባለበት በጣርማ በርና በአንኮበር ደጋ ይሄ አቆጣጠር ይቀየራል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

«ቆጥቡ» እያልሽ አትስበኪ። ገበሬ ይቆጥባል፤ በጎተራ እህል፣ በበግ፣ በዕቁብ ይቆጥባል። የመንዝ በግ ትወልዳለች፣ ዋጋዋም ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይወጣል፤ ስልክ ላይ የተቀመጠ ብር ግን እየዋለ ሲያድር የሚገዛው ነገር ያንሳል። «በጉን ሽጠህ ብሩን ስልክህ ላይ አስቀምጥ» የሚል አሠልጣኝ ገበሬውን ይጎዳዋል። ስልኩ የሚሻለው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቀኑ ለታወቀ ወጪ፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ከጠላ ቤትና ከሠርግ ለሚሸሸግ የማዳበሪያ ብር። በጓ ግማሿ አትሸጥም፣ ስልኩ ላይ ያለው ብር ግን የፈለጉትን ያህል ይቀነሳል። ልዩነቱን በዚህ መልክ ብትነግሪያቸው ይገባቸዋል።

ወለድን በባቄላ አስተምሪ። አንድ ፍሬ ባቄላ 500 ብር ትሁን። 10 ፍሬ መሬት ላይ አስቀምጪ፣ 5,000 ብር ሆነ። አራጣ አበዳሪው በወር 10 ከመቶ ይላል እንበል። ብሩ የተወሰደው ሰኔ መጨረሻ፣ የሚመለሰው ታኅሣሥ መጨረሻ። «ሐምሌ» ብለሽ አንድ ፍሬ ጨምሪ። «ነሐሴ» ሌላ ፍሬ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። አሁን ራሳቸው ይቁጠሩ፤ 16 ፍሬ፣ 8,000 ብር። «በወር አስር» ሲባል ትንሽ የሚመስለው ነገር እዚያች መሬት ላይ ስድስት ፍሬ ሆኖ ይታያል። ከጎኑ የጸደይ ባንክን (ድሮ አብቁተ የነበረው) ወይም የቀበሌያችሁን የቁጠባና ብድር ማኅበር ወለድ በዚያው ባቄላ አሳዪ፣ ቁጥሩን ግን ከቢሮው ጠይቀሽ እንጂ ከአፍሽ አትናገሪ። ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት ሰው ካለ ባንኮች ወለድ አልባ ሒሳብ እንዳላቸው ይነገረው።

በስልክ የሚሰጠውን ብድር በመጀመሪያው ዓመት አታስተምሪ። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለነጋዴም ይመቻል። ግን መክፈያው አጭር ነው፣ የገበሬ ገቢ ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚመጣው። ነሐሴ የተወሰደ ብድር ጥቅምት ላይ ክፈል ሲባል ስንዴው ገና ማሳ ላይ ቆሟል።

ስለ ማጭበርበር ብዙ አታውሪ፣ ሁለት ነገር ብቻ በደንብ አስይዢ። «ሎተሪ ደርሶዎታል»፣ «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ ይመልሱልኝ»፣ «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ቁጥርዎን ይንገሩን»፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ነገም አዲስ ይመጣል። ሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ ለቴሌም ለባንክም ለአንቺም። ብር ገባ ሲባል ደግሞ ሜሴጅ አይታመንም፣ የገዢው ስልክ ላይ ያለ ምስልም አይታመንም፤ የራስን ቀሪ ሒሳብ አይቶ ነው በሬው የሚለቀቀው። እነዋሪ ገበያ ሰንጋ ለሚሸጥ ሰው ይህቺ ሁለተኛዋ የዓመት ልፋቱን ታድንለታለች። በተግባር አለማምጂያቸው፤ አንዱ ገዢ፣ አንዱ ሻጭ ይሁን፣ ለሻጩ የበሬውን ገመድ በእጁ አስይዢው፣ ቀሪ ሒሳቡን ሳያይ ከለቀቀ ሁሉም ይጩኹበት።

ከምዝገባ በፊት ሲሙ በማን ስም እንደሆነ አጣሪ። ገጠር ውስጥ ብዙው ሲም በልጅ ወይም በጎረቤት ስም ነው የወጣው። ስልኩ ሲጠፋ ሲሙን መልሶ ማውጣት የሚችለው ስሙ ያለበት ሰው ነው፣ ብሩም አብሮ ይያዛል። ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ያላቸው ሲማቸውን ወደ ራሳቸው ስም ያዙሩ፣ የሌላቸው መጀመሪያ ፋይዳ ያውጡ። ለሴቶቹ ደግሞ ይሄ የበለጠ ነው። የዕንቁላሉና የቅቤው ብር የሷ ሆኖ ሲሙ በባሏ ስም ከሆነ፣ ብሩ የማን እንደሆነ የሚወስነው ሲሙ ነው።

ኔትወርክ ደግሞ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ለቀናት። መብራትም እንደዚያው። ስለዚህ ብራቸውን በሙሉ ስልክ ላይ እንዲያደርጉ አትምከሪ፤ ለሕክምናና ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ጥሬ ብር ቤት ይኑር። አልፈልግም የሚል ሰውም ይኖራል። ተዪው። በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱን አይቶ ይመጣል ወይም አይመጣም።

ውጤቱን በተመዝጋቢ አትለኪ። የመጨረሻው ዙር ካለፈ ከ3 ወር በኋላ ቤታቸው ሂጂና «እስቲ ቀሪ ሒሳብዎን ያሳዩኝ» በያቸው። ማንም ሳይነግራቸው፣ ማንም ስልኩን ሳይነካ ካሳዩሽ ሠልጥነዋል። ከ40ው 25ቱ ቢችሉ ከአምናው በስድስት እጥፍ ይበልጣል።

የመጀመሪያ ሥራሽ ግን በዚህ ሳምንት ነው፣ በጀትም አይጠይቅም። ወደ 4ቱ ሰዎች ሂጂ። ለምን እንደሚጠቀሙበት ጠይቂያቸው፤ ከአዲስ አበባ ልጅ ይልክላቸዋል? ከብት ይነግዳሉ? ማን አሳያቸው? የት ነው ብሩን የሚያወጡት? የሚመልሱልሽን ጻፊው። ከዚያ ከአራቱ ሁለቱን ረዳት አሠልጣኝ አድርጊያቸው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።